ሁሉም ተስማምተውበት ለወደቀው ረቂቅ ሕግ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን ስምምነት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ እጅዎ ስትገባ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ በተለይም ጉሮሮዎ ከብርድና ከመከርከር የተጠበቀ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ለጉሮሮዎ ማሰቤ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለፈው የሥራ ዘመን የመጨረሻ ስብሰባ ላይ ምን ያህል እንደደከመ በዓይኔ ያየሁ፣ በጆሮዬም የሰማሁ ሰው ስለሆንኩ ነው። እኔ ከምክር ቤቱ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በጫማ መሸጫና በፎቶ ቤት መካከል በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጸጉር የማስተካክል ሰው ነኝ። ክፍሏ ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወትና ከመስታወቱ በላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አላት፤ የእርስዎም ድምፅ በዚያ ቴሌቪዥን በኩል በብዙ ራሶች ላይ ሲወርድ ኖሯል።

በዚያ ስብሰባ ላይ ግን በቴሌቪዥን ሳይሆን ከእንግዶች ወንበር ሆኜ ነበር የተከታተልኩዎት። አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችው ሴት ታናሽ እህቴ ናት። በዚያ ቀን ስለ እሷ ያልተናገሩ የተከበሩ አባል ጥቂት ስለሆኑ በደንብ ያውቋታል ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ስለ እሷ ከተናገሩት መካከል እሷን ያነጋገሩ እጅግ ያነሱ በመሆናቸው፣ በትሕትና እንደገና ላስተዋውቅዎ።

እህቴ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እጅጌ ሰፊ ናት። ሸሚዙ ከሌሎች እጅ ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷ እጅጌውን ከትከሻው ጋር አጋጥማ ወደሚቀጥለው የስፌት መኪና ታሳልፈዋለች። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር በመሆኑ ቤቱን ከሞላ ጎደል የሚያውቀው በስልክ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ቤተሰቡ ሚጡ እያለ ይጠራታል። ሚጡ ኩላሊቷን ያማታል። ሕመሙ ሲነሣባት ጠዋት ዓይኗ አብጦ፣ ጫማዋ አልገባ ብሎ ትነሣለች፤ እናቷም ጫማውን በእጇ አንጠልጥላ፣ ልጅቷን አዝላ ወደ ሆስፒታል ትሮጣለች። የሕፃናቱ ክፍል ደንብ ግልጽ ነው፤ አስታማሚ የሌለው ልጅ አይተኛም፤ ነርሶቹ ጥቂት፣ አልጋዎቹ ብዙ በመሆናቸው ልጁን የሚያጎርሰው፣ መርፌ ሲወጋ የሚይዘው፣ መድኃኒቱን ከምድር ቤት ተሰልፎ የሚያመጣው አስታማሚው ነውና። የፋብሪካውም ደንብ እንዲሁ ግልጽ ነው፤ ሳያስፈቅድ የቀረ ይሰናበታል፣ ፈቃድ ደግሞ የሚሰጠው ለራስ ሕመም እንጂ ለሌላ ሰው ሕመም አይደለም። በፋብሪካው ደንብ ልጅ ማለት ሌላ ሰው ማለት ነው።

ሚጡ የመጀመሪያ ጊዜ ሆስፒታል ስትተኛ እህቴ የሆስፒታሉን ደንብ አከበረች። ልጅቷ ተሽሏት ወደ ሥራዋ ስትመለስ መኪናዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ አገኘች። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ የተመለሰችው እንደ አዲስ ተቀጣሪ ሆና፣ ስትሰፋው የኖረችውን እጅጌ መስፋት ትችል እንደሆነ ተፈትና ነው። ፈተናውን አልፋለች፤ እናመሰግናለን።

አካባቢያችንን የሚወክሉት የተከበሩ አባል፣ ደርባባ ሴት ናቸው፣ በሰፈር ስብሰባ ላይ እህቴ ተነሥታ ይህንኑ ስትናገር ሰሙና አንድ ረቂቅ ሕግ አዘጋጁ። ረቂቁ ባጭሩ፣ ሆስፒታል የተኛ ልጁን የሚያስታምም ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ከሥራው አይባረር የሚል ነበር። ሌላ የለውም። እኔ አንብቤ የጨረስኩት አንድ ደንበኛዬን አገጩን ሳሙና ቀብቼ፣ አረፋው ሳይደርቅ ነው። እንግዲህ የዚህን ረቂቅ ዕድል በተመለከተ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር የማቀርበው የቤትዎን ሥርዓት ላለማፍረስ ብዬ ነው።

1ኛ. ስለ ግብዣው

የተከበሩት አባል እህቴን ክርክሩን መጥታ እንድታይ ሲጋብዟት፣ መጀመሪያ ያደረገችው ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ መግባት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አፌን ሞልቼ እናገርላቸዋለሁ። ወንበር ስበው አስቀመጧት፣ ሚጡ እንዴት እንደሆነች ጠየቋት፣ እርሳቸውም የልጆች አባት መሆናቸውን አስታወሷት፣ እንዲህ ያለው ሕግ ገና ድሮ መውጣት እንደነበረበትና በዚህ ጉዳይ በእርሳቸውና በእሷ መካከል ቅንጣት ልዩነት እንደሌለ አረጋገጡላት። እህቴ አመስግና ልትወጣ በሩን ስትይዝ ጠሯትና «ቀኑ ግን እንደ ቀሪ ይያዝብሻል» አሏት። በዚህ መሠረት እህቴ በቀሪነት ተመዝግባ፣ የጎረቤት ኮት ተውሳ በግብዣዎ ላይ ተገኝታለች።

2ኛ. ስለ ንግግሮቹ

አዳራሽዎ እጅግ ያማረ ነው። ምንጣፉ ከመወፈሩ የተነሣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ኮቴው አይሰማም፤ በየወንበሩ ፊት ያለው ማይክሮፎን ተናጋሪው ሲጫነው ቀይ መብራት ያበራል፤ ብርጭቆዎቹ ክዳን አላቸው። ጥበቃው ወደ ቦታችን ሲመራን መናገር፣ መነሣትና ማጨብጨብ ክልክል መሆኑን በጨዋ ደንብ አስረዳን። እህቴ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ልክ በሕፃናቱ ክፍል ሐኪሙን ስትጠብቅ እንደምትቀመጠው ተቀመጠች።

የተከበሩት አባል ረቂቁን አቀረቡ፤ አጭር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ረቂቁ ምን እንደሚል የተናገረ ሰው አልነበረም። በቀኝ በኩል የተቀመጡ አንድ የተከበሩ አባል ተነሥተው ጉዳዩ ከፓርቲ አጥር በላይ መሆኑን ገለጹ። በግራ የተቀመጡ ሌላ አባል በፖለቲካ ሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀኙ ወንድማቸው ጋር በአንድ ቃል መቆማቸውን ሲናገሩ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ከሁለቱም ጋር መስማማታቸው ሳይበቃቸው፣ ሁለቱ በመስማማታቸው መስማማታቸውንም በአጽንኦት አስመዘገቡ። አራተኛው ከእርሳቸው በፊት የተባለውን መድገም እንደማይፈልጉ ከተናገሩ በኋላ አንድም ሳያስቀሩ ደገሙት። አንድ ጠና ያሉ አባል በልጅነታቸው ከዛፍ ወድቀው እግራቸው ሲሰበር እናታቸው ከአጠገባቸው እንዳልተለዩ አወሱ፤ የዛፉን ዓይነት፣ የቅርንጫፉን ርዝመትና ከዛፉ የታየውን መልክዓ ምድር ጨምረው በመተረካቸው ስለ ዛፉ ብዙ አውቀን ወጥተናል።

ከዚያም አንዲት አባል እጃቸውን ወደ እንግዶቹ ወንበር ዘርግተው «ያቺ እናት!» ሲሉ፣ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ወደ እህቴ ዞሮ አጨበጨበ። እህቴ መነሣት ክልክል መሆኑ ትዝ ብሏት፣ መቀመጡም ነውር መስሏት፣ ከወንበሩ ከፍ ብላ መሐል ላይ ቀረች። ጭብጨባው ሲበርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አለፈ?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ያጨበጭባሉ?»

«ስለተስማሙ።»

ትንሽ አሰበችና «ከተስማሙ ምን ይጠብቃሉ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በሙያዬ ለማንኛውም ጥያቄ መልስ የማላጣ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ግን ጥበቃው መናገር ክልክል ነው ማለቱን አስታወስኳት።

3ኛ. ስለ ቀዳሚነቱ

በዕለቱ አንድ ጠብ ስለነበረ እሱንም ሳላመሰግን አላልፍም። ከቀኝ ወገን አንድ አባል በዚህ ጉዳይ ለመስማማት የመጀመሪያው ወገን የእርሳቸው መሆኑ በመዝገብ እንዲያዝላቸው ሲጠይቁ፣ ከግራ ወገን የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ተነሣ። ግራዎቹ እነሱ ቀኞቹ ከመስማማታቸው በፊት፣ እንዲያውም ረቂቁ ከመጻፉ በፊት ተስማምተው እንደነበረ አስረዱ። ቀኞቹ እንዲህ ያለው ስምምነት በልብ የቀረ እንጂ በአደባባይ የታወቀ አይደለም ብለው ተቃወሙ። አንዱ «የተከበሩ አባል ስምምነታችንን እየሰረቁን ነው» አሉ፤ ሌላው ቃሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲነሣ ጠየቁ፤ ቃሉ ተነሣ፤ የተነሣበት አግባብ ደግሞ አከራከረ። እህቴ በዚህ ጊዜ ሁለቱን ወገኖች እያፈራረቀች በማየት አንገቷን አመማት። በመጨረሻ እርስዎ በተለመደው ብልሃትዎ ሁለቱም ወገኖች እኩል ቀድመው መስማማታቸውን ወስነው ጠቡን አበረዱት፤ በዚህም አንድ ትልቅ ችግር ተፈታ።

4ኛ. ስለ መዝጊያው

ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ረቂቁን ያቀረቡት የተከበሩ አባል እጃቸውን ደጋግመው ሲያወጡ አይቻለሁ። ዕድሉን ሲያገኙ፣ ላመሰገኗቸው ሁሉ አጸፋውን ሳይመልሱ ድምፅ ይሰጥ ማለት ነውር ስለሆነባቸው ይመስለኛል፣ ለእያንዳንዳቸው ምስጋና አቀረቡ። አመስግነው ሲጨርሱ የተመሰገኑት ደግሞ በተራቸው አመሰገኑ። ለድምፅ መስጫ የምትበቃ ትንሽ ጊዜ እንደቀረች ጥግ ላይ የተሰቀለው ሰዓት ይመሰክራል። ያቺን ጊዜ ክቡርነትዎ ወስደው፣ ምክር ቤቱ ጊዜውን በአግባቡ ስለተጠቀመ አመሰገኑበት።

ከዚያ መዶሻዎን መቱ። ጊዜው በማለቁና ይህም የሥራ ዘመኑ የመጨረሻ ስብሰባ በመሆኑ ድምፅ ያልተሰጠባቸው ረቂቆች በሙሉ እንደወደቁ፣ የሚፈልግ በአዲሱ ዘመን ከመጀመሪያው መጀመር እንደሚችል ነገሩን። አንድም ሰው ያልተቃወመው ሕግ እንዲህ ሆኖ ሞተ። ገዳይ ስለሌለው ማንንም አንከስም።

በኮሪደሩ የቀኙም የግራውም ወገን በየተራ ከእህቴ ጋር ፎቶ ተነሣ። የተከበሩት አባላችንም መጥተው ሁለት እጇን ያዙና «ታሪካዊ ቀን ነው፤ አንድ እንኳ የተቃወመን የለም» አሏት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እውነተኛ እንባ ነው፣ አልጠራጠርም።

እህቴ «ስለዚህ ሚጡ ደግማ ብትተኛ አጠገቧ መዋል እችላለሁ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

የተከበሩት አባል ከቦርሳቸው መሐረብ ሲፈልጉ ቆዩና «በመንፈስ ደረጃ፣ አዎ» አሏት።

5ኛ. ስለ ቋንቋው መስፋፋት

ያ ስብሰባ በቴሌቪዥን ስለተላለፈ ትምህርቱ ወደ እኛም ዘልቋል። ባለቤቴ የጣሪያው አሸንዳ እየፈሰሰ ግድግዳውን እያበላሸ መሆኑን በነገረችኝ ቁጥር ሥጋቷን እንደምጋራ፣ በአሸንዳው ጉዳይ በቤታችን የአቋም ልዩነት እንደሌለ እገልጽላት ጀምሬ ነበር፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስገልጽላት መሰላሉን አምጥታ ፊቴ አቆመችው። እርስዎ መሰላል የምታቆም ሴት በቤትዎ እንደሌለች እረዳለሁ።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ አንድ የተከበሩ አባል፣ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አልናገርም፣ ልዩነትም የለውም፣ ጺማቸውን ሊላጩ ወደ እኔ መጡ። ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ ወንበሩ ላይ ተደላድለው «ለዚያች ምስኪን እናት የሠራነውን አየህ?» አሉኝ። አጋጣሚ ሆኖ ምላጩ በእጄ፣ አንገታቸውም ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ነበር፤ እኔ ግን የጨዋ ልጅ ነኝ። ጺማቸው መላጨት እንዳለበት ሙሉ በሙሉ እንደምስማማ፣ ይህ ጺም ከግል ጥቅም በላይ መሆኑን፣ ከእኔ በፊት የነበሩ ጸጉር አስተካካዮችም ይህንኑ አቋም ሲያራምዱ እንደኖሩ በዝርዝር ነገርኳቸው። እያዳመጡኝ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሳሙናው ፊታቸው ላይ እስኪደርቅ ከተስማማሁ በኋላ ፎጣውን አንሥቼ ስለ መልካም ትብብራቸው አመሰገንኳቸው። ያልተነካውን ጺማቸውን በመስታወቱ አይተው ወጡ። ከፍለውኛል።

6ኛ. ስለ ሚጡ

ይህን በምስጋና መልክ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እንዳለ እነግርዎታለሁ።

ዝናቡ ሲጀምር ሚጡ እንደገና ዓይኗ አብጦ ተነሣች። እህቴ እኔ ቤት ይዛት መጣች። ከሆስፒታሉ በፊት ግን ወደ ፋብሪካው ሄዳ ሥራ አስኪያጁን አነጋገረቻቸው። ክርክሩን በቴሌቪዥን ከዳር እስከ ዳር ተከታትለውታል፤ እንዲያውም ጭብጨባው ላይ እርሳቸውም ከወንበራቸው መነሣታቸውን ነገሯት። ቀጥለውም በአዳራሹ የተንጸባረቀውን የጋራ አቋም ሙሉ በሙሉ እንደሚጋሩ፣ ይሁንና ወደ እርሳቸው ጠረጴዛ የወረደ ሕግ ባለመኖሩ ሳታስፈቅድ ብትቀር ደንቡን ከማስፈጸም በቀር ምርጫ እንደሌላቸው፣ ይህንንም ሲናገሩ ልባቸው እንደሚደማ አስረዷት። እህቴ ስትመለስ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን እመርጥ ነበር። «አንተ ያዛት፤ እኔ ልግባ» አለችኝና ልብሷን ለብሳ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔ ሱቄን ዘግቼ ሚጡን ይዤ ሆስፒታል ተኛሁ። ክቡር ሆይ፣ ቀኑን ሙሉ ከስለት ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ የዚያችን ልጅ የደም ሥር ሲፈልጉ ግን ማየት አልቻልኩም። እሷ እጇን ነጥቃ «እማዬን ጥሩልኝ» እያለች ስትፈራገጥ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስይዛት፣ ነርሷ «አጎት፣ በጤናዎ ነው?» ብላ ለእኔ ወንበር አቀረበች። መርፌው ሦስቴ ስቷል። እናቷ ስትይዛት እኮ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ታንሾካሹካለች፤ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ልጅቷ ወዲያው እጇን ትሰጣለች። ማታ እህቴ ስትመጣ ሚጡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አላነጋግርም አለቻት። ያኮረፈችው እናቷን ነው። ምክር ቤቱን አታውቅም።

በማግሥቱ እህቴ ፋብሪካው በር ድረስ ሄዳ መግባት አቃታት። ቆማ ስታለቅስ ሁለት ሴቶች አገኟት። አንደኛዋ ኮሌታ ሰፊ፣ ሌላዋ ቁልፍ ተካይ ናቸው፤ በፋብሪካው ሁሉም እትዬ ኮሌታና እትዬ ቁልፍ ይሏቸዋል። እነዚህ ሁለት ሴቶች በመካከላቸው ባለች አንዲት መስኮት የተነሣ ከተኳረፉ የቆዩ ናቸው፤ አንዷ ሙቀት አፈነኝ ብላ ትከፍታታለች፣ ሌላዋ ብርድ ወጋኝ ብላ ትዘጋታለች፤ ሰላምታ እንኳ የሚለዋወጡት በሦስተኛ ሰው በኩል ነው። እትዬ ኮሌታ የሆነውን ሰምታ እህቴን ትከሻዋን ይዛ ወደ መንገዱ አዞረቻትና «ወደ ልጅሽ ሂጂ፤ እጅጌውን እኔ እሰፋዋለሁ» አለቻት። እትዬ ቁልፍ ደግሞ ለእህቴ «ንገሪያት፤ የእሷ ስፌት ጠማማ ነው፤ ግማሹን እኔ ነኝ የምሰፋው» አለች።

እንደዚያም ሆነ። አንዷ ቀኝ እጅጌውን፣ ሌላዋ ግራ እጅጌውን፣ የራሳቸውን ሥራ ሳያጓድሉ፣ በየምሳ ሰዓታቸው እየገቡ ሰፉት። መስኮቷ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች፤ «ክሩን አጥብቂው በሏት»፣ «እሷ ዓይኗን ትታይ በሏት» ይባባላሉ፤ እጅጌው ግን አልጎደለም። የክፍሉ ተቆጣጣሪ መጥቶ ይህ አሠራር አይፈቀድም ሲላቸው፣ እትዬ ኮሌታ «ይጻፉብኝ» አለችው። እትዬ ቁልፍም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ ጋር ተስማማች ብለው እንዳያስቡ፤ «በእሷ ላይ ሲጽፉ የእኔን ያስቀድሙ» ነው ያለችው። ተቆጣጣሪው ብዕሩን ኪሱ ከትቶ ሄደ። እህቴ ሚጡ ከሆስፒታል እስክትወጣ ድረስ አጠገቧ ቆየች። መርፌው ሲመጣ ያንኑ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ልጅቷም እጇን ሰጠች።

እህቴ ወደ ሥራ ስትመለስ መኪናዋ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ሁለቱንም በአንድ ላይ ልታመሰግን ብትሞክር እትዬ ኮሌታ ወዲያው አቋረጠቻት። «ከእሷ ጋር ተስማምቼ እንዳይመስልሽ። ከእሷ ጋር በምንም ነገር አልስማማም» አለቻት። እስከ ዛሬም አልተስማሙም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ አላስቸግርዎትም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ወሬውን ሲሰሙ ልባቸው በጣም ተነክቷል፤ ሁለቱን ሴቶች አስጠርተው እንዲህ ያለው መተሳሰብ የፋብሪካው ኩራት መሆኑን ከነገሯቸው በኋላ፣ ከእንግዲህ ማንም ሠራተኛ በሌላው መኪና ላይ እንዳይቀመጥ የሚከለክል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፈዋል። ማስታወቂያው በምስጋና ይጀምራል። የሚጡ ሐኪም ደግሞ ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችል ነግሮናል። እህቴ አሁን በየማለዳው ልጇ ከአልጋ ስትወርድ እግሯን ነው የምታየው። ጫማው ከገባ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ያልገባ ዕለት ምን እንደምታደርግ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም፤ እርስዎ የሚያውቁ ከሆነ በዚሁ አድራሻ ቢያስታውቁን።

ለዛሬው በዚህ አበቃለሁ። ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ውሃዎ ንጹሕ፣ ከቀኝና ከግራዎ የሚቀርብልዎ ምስጋና የማይነጥፍ ይሁን። ክቡርነትዎ ለደረሰብን ስምምነት ያለዎትን ኃላፊነት ሳልዘነጋ፣ አንድ ቀን ጸጉር ማስተካከያ ወንበሬ ላይ ቢቀመጡም የማከብርዎ መሆኔን እገልጻለሁ፤

የእጅጌ ሰፊዋ ወንድም፣ የሚጡ አጎት፣
በጫማ መሸጫውና በፎቶ ቤቱ መካከል ያለው ጸጉር አስተካካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ረቂቁ በአዲሱ የሥራ ዘመን እንደገና ሊቀርብ እንደሚችል ሰምተናል። በዚያን ጊዜ እባክዎን የሚቃወመው አንድ ሰው ይፈልጉልን። ብዙ አንጠይቅም፣ አንድ ይበቃናል። ተነሥቶ «ይህ ሕግ አያስፈልግም» ቢል የቀሩት በንዴት ድምፅ ይሰጥ ይላሉ፤ ድምፅ ከተሰጠ ደግሞ እጁን ያወጣውንና ያላወጣውን ለይተን እናውቃለን። ለዚያ ሰው የምጽፈው ምስጋና ከዚህኛው በጣም ያጠረ፣ ከልብም የሆነ ይሆናል።